የመስታወት ጀርባ

ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ባለው የመስታወት አዳራሽ ውስጥ 357 መስታወቶች አሉ። ሉዊ 14ኛ ፊቱን ማየት ብቻ ቢፈልግ ኖሮ አንድ ይበቃው ነበር። እሱም ቢሆን የግድ አልነበረም፤ ፀጉሩንና አለባበሱን የሚያስተካክሉለት ሰዎች ከበውት ነው የሚውለው። ታዲያ ቀሪዎቹ 356 ለምን አስፈለጉ?

ስለ መስታወት ስናወራ ቀድሞ የሚመጣልን ራስን ማየት ነው። ውበት፣ ኩራት፣ ሜካፕ፣ ሰልፊ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ መስታወት ታሪክ ግን ከፊት ይልቅ ስለ ብርሃን፣ ስለ ቦታና ስለ ገንዘብ የሚነግረን ይበዛል። ብዙም ያልተወራለት ደግሞ ጀርባው ነው። መስታወትን መስታወት የሚያደርገው ከኋላው የተለጠፈው ስስ ማዕድን ነው፤ እሱ ባይኖር ተራ ብርጭቆ ነው። ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ተጠቃሚው የሚያየውን ክፍል «ፍሮንትኤንድ»፣ ከኋላ ሆኖ ሥራውን የሚሠራውን «ባክኤንድ» እንለዋለን። የመስታወትን ታሪክ ሳነብ ይሄ አከፋፈል ከአእምሮዬ አልጠፋም። ፊቱ የነገሥታት ነበር፣ ጀርባው ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞች ጤናቸውን የከፈሉበት። እስቲ ሁለቱንም እንያቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባልጩት እስከ ሙራኖ

ፊትን የማየት ፍላጎት በጣም የቆየ ነው። ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር፣ ቻታልሆዩክ በሚባል ጥንታዊ መንደር፣ ተፈግፍጎ ካብረቀረቀ ባልጩት የተሠሩ መስታወቶች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ወደ 8,000 ዓመት ይጠጋል። ግብጾች መዳብና ነሐስ እየወለወሉ ይሠሩ ነበር። ሮማውያን ትንንሽ ብርጭቆ ላይ እርሳስ እየለጠፉ ሞክረዋል። እነዚህ ሁሉ የእጅ ዕቃዎች ናቸው፤ ተይዘው ፊት ይታይባቸውና ተመልሰው ይቀመጣሉ። ቤት የሚለውጡ አይደሉም።

ግድግዳ የሚይዝ መስታወት እንዲኖር ሦስት ነገር መሟላት ነበረበት፦ ጥርት ያለ ብርጭቆ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ብርጭቆ፣ እንዲሁም ከጀርባው ያለ ክፍተት የሚጣበቅ የሚያብረቀርቅ ማዕድን። ሦስቱን አንድ ላይ ያመጣችው ቬኒስ ናት።

ቬኒስ በ1291 የብርጭቆ ምድጃዎቿን ከከተማዋ አስወጥታ ሙራኖ ወደተባለች ደሴት አዛወረች። ምክንያቱ የቃጠሎ ፍርሃት ነበር። ሆኖም ነገሩ ሌላ ጥቅምም አመጣ፤ ሙያው በሙሉ አንዲት ደሴት ላይ ሲከማች ምስጢሩን መጠበቅ ቀለለ። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ «ክሪስታሎ» የተባለ፣ ለዚያ ዘመን ተአምር የሚያሰኝ ጥርት ያለ ብርጭቆ ተሠራ፤ ከሥራው ጋር ስሙ የሚነሳው የሙራኖው ባለሙያ አንጄሎ ባሮቪየር ነው። በ1507 ደግሞ ዳል ጋሎ የተባሉ ሁለት የሙራኖ ወንድማማቾች ጥሩ የብርጭቆ መስታወት የመሥራት ዘዴ እንዳላቸው ለከተማዋ ኃያል የአስሩ ምክር ቤት አመልክተው፣ ለተወሰኑ ዓመታት ብቸኛ የመሥራት መብት እንዲሰጣቸው ጠየቁ። በዛሬ ቋንቋ ፓተንት መጠየቃቸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም ቱቦ እየነፋ ረዘም ያለ ሲሊንደር ያደርገዋል። ሲሊንደሩ በቁመቱ ይቆረጥና ምድጃ ውስጥ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ በአሸዋና በዱቄት ይፈገፈጋል። የሚነፋው የሰው ሳንባ፣ ቱቦውን የሚሸከመውም የሰው ክንድ ስለሆነ የብርጭቆው ስፋት ወሰን አለው። አንድ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ትልቅ ነው።

ጀርባውን ለመሥራት ደግሞ ሰፊና ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ቆርቆሮ ይነጠፋል። ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ሳይሆን በእንግሊዝኛ ስሙ ቲን የሚባለውን ማዕድን ነው። በላዩ ላይ ሜርኩሪ ይፈስበታል፤ በቆየው አማርኛችን ባዜቃ የምንለው፣ ፈሳሽ ሆኖ የሚንከባለለው ማዕድን ማለት ነው። ሜርኩሪውና ቆርቆሮው ተዋሕደው እንደ ቅቤ ለስለስ ያለ ነገር ይሆናሉ። ብርጭቆው አየር ሳይገባበት በላዩ ላይ ይንሸራተትና ክብደት ይጫንበታል። በመጨረሻ ጠረጴዛው ዘመም ተደርጎ ትርፉ ሜርኩሪ ጠብ ጠብ እያለ እንዲወርድ ይተዋል። ይሄ መንጠባጠብ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሜርኩሪው በክፍሉ ሙቀት ይተናል፤ ሠራተኛውም እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ ይተነፍሰዋል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ምስጢር ሲሰረቅ

በ17ኛው መቶ ዘመን የቬኒስ መስታወት ዋጋ ዛሬ ስናስበው ያስቃል። የሉዊ 14ኛ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ዣን ባቲስት ኮልቤር በ1683 ሲሞት ንብረቱ ተቆጥሮ ነበር። በብር ክፈፍ የተሠራ አንድ የቬኒስ መስታወት ከ8,000 ሊቭር በላይ ተገመተ። እዚያው ዝርዝር ላይ የነበረ የራፋኤል ሥዕል የተገመተው 3,000 ሊቭር ነው። የዘመኑን ማስታወሻ የጻፈው ሴን ሲሞን ደግሞ ስለ አንዲት ፊየስክ ስለምትባል ባላባት ሴት ይነግረናል። ይህቺ ሴት ስንዴ የሚያበቅል መሬቷን ሸጣ መስታወት ገዛች፤ ገዝታም እንደ ትልቅ ብልህነት ታወራው ነበር። መሬት በገበሬ ደም በሚከበርበት አገር ላደግን ለእኛ ስንዴ የሚታጨድበትን መሬት በመስታወት መለወጥ ጤንነት አይመስልም። ለሷ ዘመን መኳንንት ግን መስታወት ያለው ሳሎን ከሩቅ እርሻ የበለጠ ይታይ ነበር። መታየት ደግሞ እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ራሱን የቻለ ገቢ ነበር፤ ሹመትና ጡረታ የሚሰጠው በዓይን ለገባ ሰው ነውና።

ኮልቤርን ያስጨነቀው ይሄ ሁሉ ገንዘብ ወደ ቬኒስ መውጣቱ ነበር። የውጭ ምንዛሬ እጥረት ወሬ ለማይርቀን ለእኛ ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። የእሱ መፍትሔ ሙያውን ራሱን ማምጣት ሆነ። ቬኒስ የነበረው የፈረንሳይ አምባሳደር ጳጳስ ፒየር ደ ቦንዚ የሙራኖ ባለሙያዎችን በድብቅ እንዲያግባባ ታዘዘ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ሙያውን ይዞ ከቬኒስ መውጣት በሕግ ወንጀል ነበር። ቢሆንም በ1665 ጥቂቶች ፓሪስ ገቡ፤ በዚያው ዓመት የንጉሡ የመስታወት ፋብሪካ በንጉሥ ደብዳቤ ተቋቋመ።

ባለሙያዎቹ ጥሩ ተከፈላቸው። ምስጢሩን ለፈረንሳውያኑ ለማሳየት ግን እሺ አላሉም። በ1667 መጀመሪያ ላይ ከመካከላቸው ሁለት ዋነኛ ሰዎች በሳምንታት ልዩነት ሞቱ። ቬኒስ አስመርዛቸዋለች የሚል ወሬ በፓሪስ ተናፈሰ፤ ማስረጃ ግን አልተገኘም። የቀሩትም በዚያው ዓመት አገራቸው ተመለሱ። ያም ሆኖ ፈረንሳውያኑ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ቀስመው ነበር። በ1672 ኮልቤር የቬኒስ መስታወት ወደ ፈረንሳይ እንዳይገባ አገደ።

17 መስኮት፣ 17 ቅስት

የቬርሳይ የመስታወት አዳራሽ ሥራ በ1678 ተጀምሮ በ1684 አለቀ። አርክቴክቱ ዡል አርዱዋን ማንሳር ነው። ርዝመቱ 73 ሜትር ነው። በአንድ በኩል ወደ አትክልት ስፍራው የሚያዩ 17 ትልልቅ መስኮቶች አሉ። ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ መስኮቶቹን የሚመስሉ 17 ቅስቶች አሉ፤ በየቅስቱ ውስጥ 21 መስታወት። 17 በ21 ሲባዛ 357።

ለምን 21? መልሱ የሙራኖው ሳንባ ነው። ብርጭቆው አሁንም የሚሠራው በመንፋት ስለነበር ከዚያ በላይ ሊሰፋ አልቻለም። ይህ ታላቅ የመስታወት ግድግዳ እንደ ሴራሚክ ንጣፍ በትንንሽ ቁራጭ የተገጣጠመ ነው። መጋጠሚያዎቹም በግልጽ ይታያሉ። እኔ ይሄንን ሳውቅ ቬርሳይን ይበልጥ ወደድኩት። ማንሳር ችግሩን ለመደበቅ አልደከመም። ትክክለኛው መስኮትም በትንንሽ ብርጭቆ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ የመስታወቱን ቁርጥራጭ የመስኮቱ ወንድም አስመሰለው።

መስኮቶቹ የሚያዩት ወደ ምዕራብ ነው። ወደ ማታ ላይ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ብርሃኗ በ17ቱ መስኮት ገብቶ በ17ቱ ቅስት ላይ አርፎ ይመለሳል። አትክልቱም ይገባል፤ በአንድ በኩል እውነተኛው ዛፍ፣ በሌላው ምስሉ። ሲመሽ ደግሞ ሻማ ይበራል። ሻማ ውድ ነበር፤ ንጹሕ የንብ ሰም ሻማ በብዛት ማንደድ የሀብታም ምልክት ነው። መስታወት ፊት የቆመ ሻማ ሁለት ሻማ ይሆናል። መብራት በሌለበት ዓለም ውስጥ መስታወት የሚሸጠው ፊት ሳይሆን ምሽት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አዳራሹ ሥልጣን የሚታይበት መድረክ ሆኖም ቀረ። የጀርመን ኢምፓየር በጥር 18 ቀን 1871 የታወጀው ፈረንሳይን ለማዋረድ ሆን ተብሎ እዚያ ነው። ፈረንሳይም አልረሳችም፤ በሰኔ 28 ቀን 1919 የተሸነፈችው ጀርመን ውሉን የፈረመችው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የሳንባው ወሰን ተሰበረ። በ1680ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳውያን የቀለጠውን ብርጭቆ ከመንፋት ይልቅ ብረት ጠረጴዛ ላይ አፍስሰው እንደ ሊጥ መዳመጥ ጀመሩ። ይህንን ዘዴ የያዘው ኩባንያ ሴንት ጎባን በምትባል መንደር ተተከለ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የግንባታ ዕቃ የሚሸጠው ድርጅት ስሙን ከዚያች መንደር ነው የያዘው። አሁን ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ አንድ ወጥ መስታወት ተቻለ። በ18ኛው መቶ ዘመን የፓሪስ ቤቶች ውስጥ መስታወት ከእሳት ምድጃው በላይ እና በሁለት መስኮቶች መካከል ቋሚ ቦታ ያዘ። ምድጃው በላይ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሻማ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በመስኮቶች መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ከክፍሉ ሁሉ ጨለማው ነው። ዛሬ ዲዛይነሮች «እዚህ ጋ መስታወት ብትሰቅይ ክፍሉ ይከፈትልሻል» ሲሉ የሚደግሙት ያንን የሻማ ዘመን እውቀት ነው።

ስብርባሪውም ያበራል

መስታወት በመርከብና በግመል ረጅም መንገድ ሲሄድ ይሰበራል። ፋርስ ውስጥ ይህ ስብራት ራሱ ጥበብ ወለደ ይባላል። ከአውሮፓ የመጡት መስታወቶች ተሰባብረው ሲደርሱ የእጅ ባለሙያዎቹ ቁርጥራጩን አልጣሉትም፤ በግድግዳና በጣሪያ ላይ እንደ ሞዛይክ ይለጥፉት ጀመር። ጥበቡ «አይነ ካሪ» ይባላል። ኢስፋሃን ያለው ቺሄል ሶቱን ቤተ መንግሥትና ሺራዝ ያለው የሻህ ቼራግ መቃብር በዚህ ይታወቃሉ። ላሆር ምሽግ ውስጥ ደግሞ የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን በ1631 እና 1632 ያሠራው ሺሽ ማሃል፣ ማለትም የመስታወት ቤት፣ አለ።

እነዚህ ክፍሎች ውስጥ ፊታችሁን ፈልጋችሁ አታገኙትም። በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች በየአቅጣጫው ዘመም ብለው ስለተለጠፉ የሚታየው የዓይን ጥግ፣ የሻማ ነጥብ፣ የልብስ ቀለም ነው። አንድ ሻማ ሺህ ኮከብ ይሆናል። ሻህ ቼራግ የሚለው ስም ትርጉሙ «የብርሃን ንጉሥ» ነው፤ ክፍሉን ላየ ሰው ስሙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የቬርሳይን ጥያቄ እዚህ ብትደግሙት መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ መስታወቱ የተሰቀለው ለመታየት ሳይሆን ለማብራት ነው።

ጀርባው

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ።

በርናርዲኖ ራማዚኒ የሞዴና ሐኪም ነበር። በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ያሳተመው መጽሐፍ የሥራ ቦታ ሕክምና የተጀመረበት ተደርጎ ይቆጠራል። ልማዱ ወደ ሥራ ቦታ ሄዶ ማየት፣ በሽተኛውንም «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ስለ መስታወት ሠሪዎች ሲጽፍ በሜርኩሪው ምክንያት ሰውነታቸው እንደሚሽመደመድና ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ይናገራል። የሙራኖዎቹን ሲጠቅስ ደግሞ የራሳቸውን ስቃይ ራሳቸው በሠሩት መስታወት ውስጥ ሳይወዱ እንደሚያዩት ያነሳል። የታሪኩ ሁሉ ክብደት ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ጥሩ መስታወት ዘወትር ፊቱ የነበረ ድሃ ሰው ቢኖር መስታወት ሠሪው ነው፤ የሚያየው ግን የገዛ መንቀጥቀጡን ነበር።

ከ160 ዓመት በኋላ ነገሩ አልተለወጠም። በ19ኛው መቶ ዘመን የመስታወት ሥራ ትልቅ ማዕከል ባቫሪያ ውስጥ ያለችው ፉርት ከተማ ነበረች። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል የፉርትንና የኤርላንገንን መስታወት ሠራተኞች መርምሮ በ1861 ትልቅ ጥናት አሳተመ። ድዳቸው ይቆስላል፣ ጥርሳቸው ይረግፋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚገርመው ግን በጠባይ ላይ የሚመጣው ለውጥ ነው። በሜርኩሪ የተመረዘ ሰው ድንጉጥና ዓይን አፋር ይሆናል፤ ሰው እያየው ሲሠራ መንቀጥቀጡ ይብስበታል። ሰው ራሱን የሚያይበትን ዕቃ የሚሠሩት እነዚያ ሰዎች መታየትን የማይችሉ ሆኑ።

እዚህ ላይ ኢንጂነር የሆነ ሰው «መፍትሔ አልነበረም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ነበር። ዩስቱስ ፎን ሊቢግ የተባለው ኬሚስት በ1835 ብር ያለበት ውሕድ ከአልዴሃይድ ጋር ሲገናኝ ንጹሕ ብር በብርጭቆው ላይ እንደሚለጠፍ አስተውሎ ነበር። ብር ስል ማዕድኑን ነው። ኬሚስትሪ ላይ አልዴሃይድ የተማራችሁ የቶለንስ ሙከራን ታስታውሱ ይሆናል፤ የመሞከሪያ ቱቦው ውስጡ በድንገት መስታወት የሚሆንበትን። በ1856 ሊቢግ ይህንን ለቴሌስኮፕ በሚሆን ደረጃ አሻሻለው። ሜርኩሪ አያስፈልግም። መንቀጥቀጥ የለም።

ገበያው ግን አልፈለገውም። ብር ውድ ነበር። ያን ላይ ደግሞ በብር የተሠራው መስታወት ምስል ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ ደንበኛው የለመደው የሜርኩሪውን ሰማያዊ ቀመስ ግራጫ ነው። ሊቢግ የሞከረው የንግድ ሥራም አልተሳካለትም። ሜርኩሪው በሰፊው የቆመው መንግሥታት ሲገቡበት ነው፤ በ1889 ፕሩሲያና ባቫሪያ በመስታወት ፋብሪካዎች ላይ ጥብቅ የጤና ደንብ አወጡ። ደንቡን አክብሮ በሜርኩሪ መሥራት ስለማያዋጣ ፋብሪካዎቹ ወደ ብር ዞሩ።

እስቲ ቁጥሮቹን ደርድሩዋቸው። በሽታው መጽሐፍ ላይ የተጻፈው በ1700። አማራጩ በላብራቶሪ የታየው በ1835። የሚሠራ ዘዴ የሆነው በ1856። ፋብሪካው ውስጥ በሰፊው የገባው ከ1889 በኋላ። ቴክኖሎጂው ከተገኘ በኋላ እንኳ አንድ የሥራ ዕድሜ ሙሉ አልፏል። የእኛ ሙያ ሰዎች ችግር ሁሉ በእውቀት ማነስ የሚመጣ ይመስለናል፤ የተሻለ ኮድ፣ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ይቀረፋል ብለን እናስባለን። የመስታወቱ ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ካልታየ፣ መፍትሔው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም ቀለሙን አልወደድነውም ይባላል።

ቬርሳይ ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ነው። በ2007 በተጠናቀቀው እድሳት ጊዜ ከ357ቱ አብዛኞቹ የጥንቶቹ መሆናቸው ታይቶ በቦታቸው ቀርተዋል። ቱሪስቱ ስልኩን አንስቶ ራሱን ያነሳል። ደብዘዝ፣ ግራጫ ያለ ምስል ይመጣለታል። ያ ግራጫ የዚያ ዘመን ሜርኩሪ ነው።

27 ካሬ

በ1908 አዶልፍ ሎስ የተባለው አርክቴክት ቪየና ውስጥ አንድ ትንሽ ባር ሠራ። ወደ ስድስት ሜትር በአራት ሜትር ተኩል ነው፤ 27 ካሬ ገደማ፣ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ማለት ነው። ሎስ የግድግዳውን የላይኛ ክፍል በመስታወት ሸፈነው። ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ደንበኛው ራሱን አያይበትም፤ የሚያየው ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ወደ ሌላ ክፍል ሲቀጥል ነው። የሌለ ክፍል። ፊት የማያሳይ መስታወት ብልሃቱ ይሄ ነው፤ ራሳችሁን ካላያችሁበት መስታወት መሆኑን ትረሳላችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህንን ብልሃት ካፌዎችና ፀጉር ቤቶች በሚገባ ያውቁታል። ፀጉር ቤት ስትቀመጡ ከፊትም ከኋላም መስታወት ካለ ማለቂያ የሌለው የፀጉር ቤት ሰልፍ ይታያል። ልብ ብላችሁ እዩት፦ ወደ ውስጥ በራቀ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ወደ አረንጓዴም ያደላል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ትንሽ ብረት በየምልልሱ ከብርሃኑ ላይ እየቀነሰ ነው። አንድ ጊዜ ሲታይ የማይታወቅ ቀለም ሃያ ጊዜ ሲደጋገም ይጋለጣል።

ለምኖርበት ስቱዲዮ መስታወት ለማስቆረጥ አንድ ሱቅ ሄጄ ነበር። «መስታወት ፈልጌ ነበር» ስል ሻጩ «የመስኮት ነው ፊት ማያ?» አለኝ። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ነው የሰጠው። ልዩነቱን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው ከጣላቸው ቁርጥራጮች አንዱን አንስቶ ገለበጠና ጀርባውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረገው። መጀመሪያ ቀለሙ ወረደ፣ ቀጥሎ ከሥሩ ያለው ስስ ብር። በተፋቀው በኩል የሻጩ ጣት ታየኝ። ፊት ማያው መስኮት ሆነ። «በቃ ይኸው ነው ወንድሜ» አለኝ፤ «ዋጋው ጀርባው ነው»።

ዛሬ ያ ጀርባ ርካሽ ነው። ከ1959 ወዲህ የሚታወቀው የእንግሊዙ የፒልኪንግተን ዘዴ የቀለጠውን ብርጭቆ በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ ፈሳሽ በፈሳሽ ላይ ሲተኛ ያለ መፈግፈግ ጠፍጣፋ ይሆናል። ድሮ ከብርጭቆው ጀርባ የነበረው ቆርቆሮ አሁን ከሥሩ ሆኖ ያገለግላል። ብሩም በማሽን ይረጫል። ፊየስክ የስንዴ መሬቷን የከፈለችበትን ዕቃ ዛሬ ጀማሪ ተቀጣሪ ከወር ደሞዙ ቆርሶ ይገዛዋል። ትይዩ መስኮት ሰቅላችሁ ከሰዓት በኋላ ያለውን ብርሃን ወደ ክፍሉ ጥግ ስታመጡ የምታደርጉት ማንሳር ያደረገውን ነው። በዚህ ደስ ሊለን ይገባል።

ሜርኩሪው ግን አልጠፋም። ቦታ ነው የቀየረው። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡ ክሬሞችና ሳሙናዎች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው እንዳሉ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ሜርኩሪ ቆዳን የሚያጠቁር ቀለም እንዳይሠራ ስለሚያግድ ፊት የቀላ ይመስላል፤ ከሥር ግን ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ይከለክላል፤ ያም ሆኖ ዕቃው ከገበያና ከኦንላይን ሱቅ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ወደ አራት መቶ ለሚጠጉ ዓመታት ከመስታወቱ ጀርባ የነበረው መርዝ ዛሬ መስታወት ፊት የቆመችው ልጅ ጉንጭ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ግን ፊት ለፊት የተጻፈው «ብሩህ» የሚል ነው። ዝርዝሩ ከጀርባ ነው፤ አንዳንዱ ላይ እሱም የለም።

አንድ የመጨረሻ ቃል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚወጣበትን ነገር መጽሔት እንለዋለን። በግዕዝ መጽሔት ማለት መስታወት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ኅብረተሰብ ራሱን የሚያይበት ነገር ይሁን ብለው አስበው ይሆናል። ጥሩ ስም ነው። እኔ ግን ያንን ሻጭ ካየሁ ወዲህ አንድ ዕቃ ሲያምረኝ ገልበጥ አድርጌ ጀርባውን ማየት ለምዶብኛል፤ እናንተም ሞክሩት።